የአሰገደች ጆሮ

ሹፌር ቀነዓ መኪናውን ሜዳ ላይ አያቆምም ነበር። ሮቤ ጭነት ሊያራግፍ ሲደርስም ሆነ ጎባ ወደ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው ቁልቁለት ነው። ሲያገኝ አፍንጫዋን ወደ ታች አዙሮ ያቆማትና ከጎማዋ ሥር ትልልቅ ድንጋይ ይሸጉጣል፤ ለሰው ሰላምታ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ድንጋዩን አንስቶ መኪናዋ መንደርደር ስትጀምር ማርሽ ያስገባል፤ ሞተሩም እያስነጠሰ ይነሳል። ቁልቁለት ያጣ ቀን ደግሞ አላፊ አግዳሚውን ይለምናል። ያቺን የምታህል የጭነት መኪና መግፋት ቀላል አይደለምና የጎባ ሰው ገና ከሩቅ ሲያያት መንገድ መቀየር ጀመረ። "ግፊ መጣች" ይሉ ነበር፤ ስሟም በዚያው ግፊ ሆኖ ቀረ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ከባድ መኪና ግን ገና ብርቅ ነው። ቀነዓ ከሮቤና ከገሰራ ስንዴና ገብስ እየጫነ ሻሸመኔ ያደርሳል፤ ሲመለስ ጨውና ቆርቆሮ ይዞ ይመጣል። የመኪናዋ በሽታ አንድ ነው፤ ባትሪዋ ይሞታል። ቀን ቀን ደህና ትሄዳለች። አመሻሽ ላይ የፊት መብራት ሲበራ ግን፣ ባትሪው እየተሞላ አለመሆኑን የምታሳብቀው ትንሿ ቀይ መብራት ከመሪው ፊት ለፊት ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች፤ የመንገዱም ብርሃን እንደ ኩራዝ ይደበዝዛል። በማግስቱ ቁልፉን ሲያዞር "ጠቅ" ትልና ዝም። ሻሸመኔ ያለ መካኒክ ዲናሞዋን አውርዶ ካርቦኑን ቀየረላት። የሮቤው ደግሞ ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ሳጥን ለወጠላት። ሁለቱም በቅንነት ነው የሠሩት። እሷ ግን ሁለት ሦስት ጉዞ ደህና ትሆንና ተመልሳ ትተኛለች።

እንዲህ እያለ ጥር ደረሰ። በጥር ቀነዓ ሊያገባ ነው። ሙሽራይቱ ጤቤ ትባላለች፤ የገሰራው ገበሬ የኦቦ ባዳሳ ልጅ ናት። ያያት ስንዴ ሲጭን ነው። ጆንያ የሚሰፋበት ወስፌ ከእጁ ወድቆበት ጭዱ ውስጥ ሲዳብስ እሷ አንስታ ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ ገሰራ ጭነት አለ ከተባለ ከሹፌር ሁሉ ቀድሞ የሚገኘው እሱ ሆነ።

የኦቦ ባዳሳ ቤት ያለው ግን እንደ መዳፍ በተዘረጋ ሜዳ ላይ ነው።

"ሙሽራዬን በግፊ ላመጣት ነው?" አለ ቀነዓ ለሚዜው ለሲምቦ። "አባቷና አጎቶቿ ጋቢያቸውን አገልድመው ከኋላ ሲገፉ ይታይህ!"

ሲምቦ መጀመሪያ ሳቀ። የጓደኛውን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ተወና፣ "ጋሽ ብዙነህ ዘንድ ሂድ" አለው።

"ሥራውን ትተውታል ይባላል።"

"ቢተዉትም አይረሱትም። ሂድ።"

ብዙነህ ሙያውን በወጣትነቱ ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ተምሮ፣ ዕድሜውን ጎባ ላይ ከመኪና ሥር ያሳለፈ ሰው ነው። የታወቀው በጆሮው ነበር። መኪና ገና ከግቢ ውጭ ሲመጣ ሰምቶ ሕመሙን ይናገር ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ያ ጆሮ ከዳው። ወፍራም ድምፅ፣ የሞተር ጉርምርምታና የከበሮ ምት ይሰማዋል። ቀጭን ድምፅ ግን የለም። ወፍ የለም፤ ፉጨት የለም፤ ከሩቅ የሚጣራ የሴት ድምፅ የለም።

ሚስቱ አሰገደች ከእሱ ቀድማ ነው ያወቀችው። ሲያወሩ ዓይኗን ትቶ አፏን ማየት ሲጀምር ገባት። ምንም አላለችውም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ምሳ ስታቀርብ ብርሃን ፊቷ ላይ እንዲያርፍ በመስኮቱ ትይዩ ትቀመጣለች፤ ስትናገርም ቃሉን ቀስ አድርጋ ታወጣለች። ልጅ አልወለዱም። በቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር የሚያናግረው ስላልነበረ፣ ብዙነህ የጎደለበት ነገር እንዳለ ሳያውቅ ከረመ።

ያወቀው ጋራዡ ውስጥ ነው። አንድ ደንበኛ "ዲናሞው ተቃጥሏል እንዴ?" ብሎ ሲጠይቀው፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ በልቻለሁ" ብሎ መለሰ። የነበሩት ሰዎች ሳቁ። ብዙነህም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠርጎ ሳጥን ውስጥ ከተተ፤ የጋራዡን የቆርቆሮ በር ዘጋና ቤቱ ገባ።

"ደክሞኛል። ከእንግዲህ አርፋለሁ" አላት።

"ዕረፍ" አለችው።

ግን አላረፈም። ያልላላ አጥር ያጠብቃል፤ ያልተበላሸ የበር ማጠፊያ ፈትቶ መልሶ ያስራል። በመንገዱ ከባድ መኪና አልፎ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እጁ ከያዘው ነገር ጋር ባለበት ይቆማል፤ መኪናው እስኪርቅ አይንቀሳቀስም። አሰገደች ይህን በየቀኑ ታያለች።

ቀነዓ በሩን ሲያንኳኳ የከፈተችለት እሷ ናት።

"አካም ቡልተኒ፣ እንደምን አደሩ እትዬ አሰገደች" አለ ባርኔጣውን አውልቆ። "ጋሽ ብዙነህን ፈልጌ ነበር።"

የመጣበትን ሁሉ ነገራት። ስለ ባትሪው ሲናገር ብዙም ያልገባት ነገር ነበር። ስለ ሜዳውና ስለ ሙሽራዋ ሲናገር ግን በሚገባ ገባት። "እዚሁ ቆየኝ" አለችውና ወደ ጓሮ ሄደች። ብዙነህ ማጠፊያ እየፈታ ነው። ፊት ለፊቱ ዞራ ቆመች።

"አንድ ሹፌር መጥቷል።"

"ምን ፈልጎ?"

"መኪናው ታማበት።"

"ሮቤ ይሂድ።"

"ሄዷል።"

"ሻሸመኔ ይሂዳ።"

"እዚያም ሄዷል። ሊያገባ ነው፣ ብዙዬ። ሙሽራዬን በግፊ ላመጣት ነው ብሎ ተጨንቋል።"

ብዙነህ ከከንፈሯ ያነበበውን አላመነም። "በምን?"

"በግፊ!"

ፊቱ ላይ ሳቅ ብቅ ብሎ ወዲያው ተመለሰ። ማጠፊያውን መሬት አስቀመጠና፣ "አሰጉ፣ መኪና ጆሮ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ጆሮ የለኝም" አለ።

ይህ ነገር በቤታቸው በግልጽ ሲነገር የመጀመሪያው ነው። አሰገደች እንባዋ መጣ፤ ግን አላለቀሰችም። ቤት ገብታ የመፍቻውን ሳጥን ከአልጋ ሥር ጎትታ አመጣችለትና፣ "የእኔ ሁለት አለ" አለችው።

መኪናዋን ጋራዡ ግቢ ያስገቧት እንደ ልማዷ በቁልቁለት ተንደርድራ ነው። ብዙነህ ሞተሩ ሳይጠፋ ሥራ ጀመረ። ከባትሪው ላይ የነጣውን ዝገት ፈግፍጎ ገመዶቹን አጥብቆ አሰረ። ከዚያ ሁለት ሽቦ የተቀጠለለትን አምፖል አውጥቶ ከዲናሞው ጋር አገናኘውና ቀነዓን ነዳጅ እንዲሰጥ በእጁ አመለከተው። ሞተሩ ሲጮህ አምፖሉ ቦግ አለ።

"ዲናሞው ይሠራል። አሁን የፊት መብራቱን አብራ!"

መብራቱ ሲበራ አምፖሉ ደከመ፤ ትንሿ ቀይ መብራትም ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ብዙነህ ደጋግሞ አስበርቶ አስጠፋ። ሁልጊዜም ያው ነው። አምፖሉን ነቀለና እጁን ጠረገ።

"የመብራቱ ጭነት ሲመጣበት ይወድቃል። የውስጡ ሽቦ ሳይቃጠል አይቀርም። አዲስ አበባ ተልኮ ሽቦው እንደ አዲስ መጠቅለል አለበት" አለ።

ቀነዓ ከጋቢናው ወረደ። "ጋሽ ብዙነህ፣ ሠርጉ እኮ እሁድ ነው።"

ብዙነህ አምፖሉን ወደ ሳጥኑ መለሰ። አሰገደች ግን በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ከጭሱ ከልላ ሞተሩ አጠገብ ቆማ ነበር። አንገቷን ዘንበል አድርጋለች።

"ቀነዓ፣ እስቲ መብራቱን አጥፋው። አሁን ደግሞ አብራው።" ወደ ባሏ ዞረች። "የሚጮህ ነገር አለ።"

"ሞተሩ ነዋ፣ እትዬ" አለ ቀነዓ።

"ሞተሩ ሌላ ነው። ይሄ ቀጭን ነው። መብራቱ ሲበራ ይመጣል፤ ሲጠፋ ይሄዳል።"

ቀነዓም ጠጋ ብሎ አዳመጠ። ጋቢና ውስጥ ሲሆን የሞተሩ ድምፅ ሁሉን ስለሚውጠው ሰምቶት አያውቅም። የሻሸመኔው መካኒክ ዲናሞውን ያየው አውርዶ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ የሮቤው ደግሞ ሳጥኑን ብቻ ነው ያየው።

ብዙነህ ሚስቱን ትኩር ብሎ አያት። "እንደ ምን ነው? ብረት ብረትን ሲልግ?"

"አይደለም።"

"እንደ ምን ታዲያ?"

ድምፁን በአፏ አስመሰለችለት። እሱ ያየው የሞጠሞጠ ከንፈር ብቻ ነው። እንደገና ሞከረች። ራሱን ነቀነቀ፤ ተስፋ መቁረጡ ዓይኑ ላይ መጣ። አሰገደች ማስመሰሉን ተወች። ከዚያ ክንዱን ያዘችውና ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ድምፅዋን አወፈረች።

"የሠርጋችን ለት ያደረግከው ጫማ ትዝ ይልሃል?"

"የቱ?"

"አዲሱ ጥቁር። ከደጃፋችን እስከ ዳሱ በተራመድክ ቁጥር ሲጮህ፣ እናቴ 'ሙሽራው ጫጩት ይዞ መጣ እንዴ?' ያለችው።"

ብዙነህ አፉን ከፈተ። ጫማው ከነጩኸቱ በጭንቅላቱ ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማው። ያን ቀን ድምፁን ለማጥፋት በጫፍ እግሩ ሲራመድ፣ ሚዜዎቹ ደግሞ ሳቃቸውን ለማፈን ሲታገሉ፣ እሷም በሻሿ ሥር ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሁሉ ታየው። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ የጠራ ድምፅ አልሰማም ነበር።

"ቆዳ ላይ ቆዳ ሲንሸራተት!" አለ ጮክ ብሎ። "ቺንጋው ነው! ሞተሩን አጥፋ!"

"ቺንጋው?" ቀነዓ ግራ ገባው። ቺንጋ ማለት ሞተሩ ዲናሞውን የሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ ነው። "ቺንጋውማ አዲስ ነው፣ ጋሽ ብዙነህ። ጠብቆም ታስሯል።"

ብዙነህ በአውራ ጣቱ ተጫነው። እውነትም ጠብቋል። ቀበቶው የሚዞርበትን የዲናሞውን መዘውር ሲነካ ግን ጣቱን ቶሎ መለሰ፤ እንደ ምጣድ ግሏል። ብሎኖቹን አላልቶ ቺንጋውን አወረደና የመዘውሩን ቦይ በጨርቅ ወለወለው። ከዚያ ሁለቱንም ጠራቸው።

"እዩ። የቦዩ ግርጌ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ማብረቅረቅ የነበረበት ጎንና ጎኑ ነው። ቺንጋ የሚይዘው በጎኑ ነው፤ እንደ ሽብልቅ ሁለቱ ግድግዳ መሀል ይቀረቀራል። ይሄኛው ጠባብ ስለሆነ ወርዶ ግርጌው ላይ ተኝቷል። ዲናሞው ሥራ ሲቀለው እንደምንም ያዞረዋል። መብራት በርቶ ሲከብደው ግን ይንሸራተታል። ከየት አመጣኸው?"

"አሮጌው አዳባ አካባቢ ተበጠሰብኝ። ሻሸመኔ ቁመቱን ለክቼ ገዛሁ።"

"መኪናዋ የታመመችው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ?" አለች አሰገደች።

ቀነዓ ሊመልስ አፉን ከፍቶ ቆመ። "በኋላ ነው። በኋላ ነው እኮ! አዲስ ነው ብዬ ለማንም ሳልናገር ቀረሁ።"

ብዙነህ ወደ ጋራዡ ውስጥ ገባ። ከጣሪያው ማገር ላይ ለዓመታት የተሰቀሉ አሮጌ ቺንጋዎች ነበሩ። አንድ በአንድ እያወረደ በጣቱ ስፋታቸውን እየዳበሰ፣ አጥፎ እየዘረጋ መረመረ። አንዱ ወርዱ ልክ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ተሰነጣጥቋል።

"ሠርግህን ያወጣልሃል። ከዚያ በኋላ ግን በመጀመሪያው ጉዞህ አዲስ ግዛ። ስትገዛ ቁመቱን ብቻ ሳይሆን ወርዱንም ለካ" አለው።

ቺንጋውን አስገብተው፣ ዲናሞውን በብረት ወደ ውጭ ገፍተው አጠበቁት። መኪናዋን ለመጨረሻ ጊዜ ሰው ለምነው ገፏት። ሞተሩ ተነሳ። ቀነዓ የፊት መብራቱን አበራ። ቀዪቱ መብራት ድርግም አለችና አልተመለሰችም። ብዙነህ ግን ቀዪቱን አይደለም የሚያየው፤ ሚስቱን ነው። አሰገደች ጆሮዋን ሰጥታ ቆየች።

"ዝም አለ" አለችው።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ጉርምርምታው ብቻ ነው ያለው።"

"እሱንማ እኔም እሰማለሁ" አለ ብዙነህ ፈገግ ብሎ።

ቀነዓ ያለ እነሱ አልሄድም ስላለ እሁድ ዕለት ጋቢናው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ገሰራ ወረዱ። አሰገደች ከመካኒክ ጋር ይህን ሁሉ ዓመት ስትኖር ከባድ መኪና ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። የሮቤን ሜዳ ከዚያ ከፍታ ስታየው፣ አጨዳው ያለቀበት ገለባ እስከ ሰማዩ ጥግ ተዘርግቶ፣ የባሏን እጅ ይዛ ሄደች። ሠርገኛው ከኋላ ጭነቱ ቦታ ላይ ቆሞ በኦሮምኛም በአማርኛም ይዘፍናል።

የኦቦ ባዳሳ ደጅ ምሳው ተበላ፤ ምርቃቱም ሆነ። ጤቤ እናቷን አቅፋ አልቅሳ ወደ ጋቢናው ወጣች። ቀነዓ እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ አየ። ከኋላ ሲምቦ ለማንኛውም ብሎ ኮቱን አውልቋል። ቁልፉ ዞረ። መኪናዋ አንድም ጊዜ ሳታስነጥስ ተነሳች።

ሴቶቹ እልል አሉ። ብዙነህ ያየው የተከፈቱ አፎችና የሚርገበገቡ እጆች ነው። አሰገደች ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ "እልልታ ነው። ረጅም" አለችው። ራሱን ነቀነቀና እሱም እጁን አጨበጨበ።

ሲመለሱ ሮቤ ሳይደርሱ ጀንበር አዘቀዘቀች። ቀነዓ የፊት መብራቱን አበራ። ከሙሽራይቱ በቀር ጋቢና ውስጥ ያሉት ሁሉ ዓይናቸውን ትንሿ ቀይ መብራት ላይ ተከሉ።

"ምንድን ነው ሁላችሁም የምታዩት?" አለች ጤቤ።

ቀነዓ ጉሮሮውን ጠረገ። በመጨረሻ አሰገደች፣ "ባልሽ በግፊ እንዳያመጣሽ ፈርቶ ነበር፣ ልጄ" ብላ እውነቱን አወጣችው።

ጤቤ በዓይነ ርግቧ ሥር ሳቀች። "እሱንማ ገሰራ ሁሉ ያውቃል። ወንድሞቼ ከትናንት ጀምሮ ገመድ አዘጋጅተው ነበር። አባቴማ በሬዎቹን ጠምደን እንጎትታታለን ሲል ነው ያደረው።"

"እና ዝም አልሽ?" አለ ቀነዓ።

"ምን ልበል? በበሬም ቢሆን እመጣ ነበር።"

ቀነዓ መሪውን ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት አየ። ጆሮው ቀልቷል። አሰገደች የተባለውን ለባሏ ስትደግምለት ብዙነህ እስኪያስለው ሳቀ፤ መብራቱም እስከ ጎባ ድረስ መንገዱን ወለል አድርጎ አሳያቸው።

በሚቀጥለው ሰኞ የጋራዡ የቆርቆሮ በር ተከፈተ። አሰገደች የምትቀመጥበት ዱካ ይዛ ገብታ ከመሣሪያው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሰሞን የተሳለቁ አልጠፉም። "ሴት ልጅ ጋራዥ ውስጥ ምን ትሠራለች?" ያሉ ነበሩ። እሷም እጅጌዋን ሰብስባ፣ "እሰማለሁ" ትላቸዋለች። መኪኖቹ እየተሠሩ ሲወጡ ሳቁም ቀረ።

ብዙነህ ሞተር ላይ አጎንብሶ "እንደ ምን ነው?" ይላታል። እሷም አብረው ከኖሩት ምሳሌ ትፈልግለታለች። አንዱን ድምፅ ጊኒር ገበያ ላይ እንደሰሙት የግመል መንጋ ነው ትለዋለች። ሌላውን ደግሞ አባቱ በመጨረሻ ሕመማቸው ሲተነፍሱ እንደነበረው ነው አለችው። ያን ጊዜ ሁለቱም ለአፍታ ሥራውን ትተው ቆሙ። አንዳንዴ ትዝታውን ለመጨረስ ሲያወሩ ደንበኛው ይጠብቃል።

አንድ ቀን ጋራዡን ዘግተው ወደ ቤት ሲሄዱ ብዙነህ መንገድ ላይ ቆመ።

"አሰጉ፣ የራሴ ድምፅ እንዴት ሆነ? አሁን አሁን እኔው ራሴ አላውቀውም።"

"ጮክ ትላለህ።"

"በጣም?"

"ትናንት ሽሮው ጨው በዝቶበታል ስትል ጎረቤት ሰምታ ዛሬ ሰላም ስትለኝ 'ጨውሽን ቀንሺ' አለችኝ።"

ደነገጠ። ከዚያ አሰበና ድምፁን ዝቅ፣ በጣም ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር አላት።

"አሁን ደግሞ እኔ አልሰማሁህም" አለችው።

ብዙነህ ጎንበስ አለ። አሰገደችም ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ ጠጋችው፤ እንደገና ነገራት።